ካሮሉስ ክሉሲየስ

ካሮሉስ ክሉሲየስ (የትውልድ ስሙ ቻርል ደ ሌክሉዝ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1526 – ኤፕሪል 4 ቀን 1609 እ.ኤ.አ.) በፍላንደርስ አካባቢ የተወለደ የዕፅዋት ተመራማሪ፣ ተርጓሚና አትክልተኛ ነበር። ቱሊፕን፣ ናርሲስን፣ አይሪስን፣ ፍሪቲላሪያንና ሌሎችን ከምድር በታች እንደ ሽንኩርት የሚያብጥ አካል ያላቸውን አበቦች በጓሮው በመትከል፣ በመመዝገብና በመላው አውሮፓ ላሉ ወዳጆቹ በመላክ ይታወቃል። እነዚህ ተክሎች በዚህ ጽሑፍ የአበባ ሽንኩርት ተብለዋል። ከሰሜን አሜሪካ የመጣውን ነፍሳት በል ተክል ምን እንደሆነ ሳያውቅ በመጽሐፉ በሥዕል ያሳተመውም እሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ክሉሲየስ የተወለደው በአራስ ከተማ ነው። አራስ ዛሬ በሰሜን ፈረንሳይ ትገኛለች፤ ያን ጊዜ ግን በሃብስበርግ ነገሥታት ሥር የነበረችው የኔዘርላንድስ ምድር አካል ነበረች። አባቱ ልጁ ሕግ እንዲማር ስለፈለገ በሌቨን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1548 በሕግ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ፍርድ ቤት አልሄደም። ወደ ጀርመን ተሻግሮ በማርቡርግ፣ ቀጥሎም ፊሊፕ ሜላንክቶን በሚያስተምርበት በቪተንበርግ ተማረ። የፕሮቴስታንት እምነትን የተቀበለው በእነዚህ ዓመታት ሲሆን ይህ ውሳኔ በኋላ ሥራና መኖሪያ አሳጥቶታል።

በ1551 ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ወርዶ በሞንፔሊዬ የሕክምና ትምህርት ጀመረ። መምህሩ ስለ ዓሦች በጻፈው መጽሐፍ የሚታወቀው ጊዮም ሮንደሌ ነበር። ክሉሲየስ በመምህሩ ቤት እየኖረ የጽሕፈት ሥራውን ያግዘው ነበር። ሮንደሌ ተማሪዎቹን ወደ መስክ እያወጣ ተክልን በበቀለበት ቦታ እንዲመለከቱ ያደርግ ስለነበር ክሉሲየስ የዕድሜ ልክ ሙያውን ያገኘው እዚያ ነው ማለት ይቻላል። ሐኪም ሆኖ ግን አልሠራም።

ትርጉምና የስፔን ጉዞ

መጀመሪያ ስሙ የታወቀው በተርጓሚነት ነው። ሬምበርት ዶዱንስ በፍላንደርስ ቋንቋ የጻፈውን ትልቅ የዕፅዋት መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ መልሶ በ1557 አሳተመ። ፖርቱጋላዊው ሐኪም ጋርሲያ ደ ኦርታ በጎዋ ስለ ሕንድ መድኃኒቶችና ቅመሞች የጻፈውን መጽሐፍም አሳጥሮ በ1567 በላቲን አወጣ። የደ ኦርታ መጽሐፍ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ የተነበበው በዋናነት በዚህ የላቲን ቅጂ ነበር።

በ1564 የባለጸጋው የፉገር ቤተሰብ ልጅ ሞግዚት ሆኖ ወደ ስፔንና ፖርቱጋል ተጓዘ። በጉዞው ከፈረስ ወድቆ አጥንቱ ተሰብሯል። ሆኖም በመንገድ ያየውን ተክል ሁሉ እየመዘገበ፣ ዘርና የአበባ ሽንኩርት እየሰበሰበ ተመለሰ። የዚህ ጉዞ ውጤት የሆነው መጽሐፍ በ1576 በአንትወርፕ በፕላንታን ማተሚያ ቤት ታተመ።

መጽሐፉን በዘመኑ ከነበሩት የሚለየው አንድ ነገር ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ ተክል የሚጻፈው በአብዛኛው ለየትኛው በሽታ እንደሚጠቅም ለማመልከት ነበር። ክሉሲየስ ግን ምንም መድኃኒትነት የሌለውን ተክል ጭምር ቅጠሉን፣ ግንዱን፣ የአበባውን ቀለም፣ የሚያብብበትን ወርና የበቀለበትን ቦታ እየዘረዘረ ይጽፋል። አበባ ለራሱ ሲባል ሊጠና ይገባዋል የሚለው አስተሳሰብ ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን አዲስ ነበር።

ቪየና

በ1573 ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን ሁለተኛ በቪየና የቤተ መንግሥት የዕፅዋት ቦታ እንዲያቋቁም ጠራው። ቪየና ያን ጊዜ ለኦቶማን ግዛት ድንበር ቅርብ ስለነበረች ከቁስጥንጥንያ የሚመጡ ዘሮችና የአበባ ሽንኩርቶች መጀመሪያ የሚደርሱት ወደዚያ ነበር። በቁስጥንጥንያ የንጉሠ ነገሥቱ አምባሳደር ሆኖ ያገለገለው ኦጊዬ ጊዝላን ደ ቡስቤክ ብዙ የቱሊፕ ዘርና ሽንኩርት ለክሉሲየስ ሰጠው። ዘሩ ስለቆየ ክሉሲየስ አይበቅልም ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ሲዘራው ግን በቀለ።

ቱሊፕ የሚለው ስም ጥምጥም ከሚል የቱርክ ቃል የመጣ ነው፤ ቱርኮች ራሳቸው ግን አበባውን ላሌ ይሉታል። ስሙ የተገኘው አበባው ጥምጥም ስለሚመስል አውሮፓውያን ሁለቱን ቃላት በማምታታታቸው እንደሆነ ይታመናል።

ማክሲሚሊያን በ1576 ሲሞት ሁኔታው ተለወጠ። ተተኪው ሩዶልፍ ሁለተኛ ለፕሮቴስታንቶች ምቹ አልነበረም፤ ክሉሲየስም ከቤተ መንግሥት ሥራው ተሰናበተ። ይሁንና ከተማዋን ወዲያው አልለቀቀም። ሐኪሙ ዮሃን አይክሆልትስ ቤት እየኖረ በወዳጁ ጓሮ መትከሉን ቀጠለ። የኦትሸርንና የሽኔበርግን ተራሮች ወጥቶ የአልፕስን ተክሎች መረመረ፤ በምዕራብ ሃንጋሪም የባላባቱ ባትያኒ ቦልዲዣር እንግዳ ሆኖ ብዙ ጊዜ አሳለፈ። በ1583 የታተመው የኦስትሪያና የሃንጋሪ ዕፅዋት መጽሐፉ በዚህ መንገድ የተሰበሰበ ነው። በዚያው አገር ስለ እንጉዳይ ያጠናው በኋላ ሲታተም በርዕሱ ከመጀመሪያዎቹ ሰፊ ጥናቶች አንዱ ሆኗል።

የጓሮ ሥራው

ክሉሲየስ ቱሊፕን ከሠላሳ ዓመት በላይ ተከታትሏል። ቀድመው የሚያብቡ፣ መካከለኛና ዘግይተው የሚያብቡ ብሎ በሦስት ከፍሏቸዋል፤ አትክልተኞች እስከ ዛሬ ቱሊፕን ሲመድቡ የአበባውን ጊዜ መነሻ ያደርጋሉ።

ከጓሮው የተማረው ዋናው ነገር ግን በዘርና በሽንኩርት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ቱሊፕ በሁለት መንገድ ይራባል። እናቲቱ ሽንኩርት ከጎኗ ትንንሽ ሽንኩርቶችን ታወጣለች፤ እነዚህ ተነቅለው ቢተከሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ልክ እናታቸውን የሚመስል አበባ ይሰጣሉ። ዘር ግን እንደዚያ አይደለም። ከዘር የበቀለ ቱሊፕ ለማበብ ሰባት ዓመት ያህል ሊፈጅ ይችላል፤ ሲያብብም ቀለሙ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አዲስ ቀለም የሚፈልግ ሰው ዘር ዘርቶ መታገሥ አለበት። ክሉሲየስ በስደትና ቤት በመለዋወጥ መካከል ሆኖ እንዲህ ያለውን ሥራ መሥራቱ ያስደንቃል። የዘራውን ሳያይ የለቀቀው መደብ አንድና ሁለት ብቻ አይሆንም።

ሌላም ነገር አስተውሏል። አንድ ቀለም የነበረው ቱሊፕ በድንገት በሚቀጥለው ዓመት ነጭ ወይም ቢጫ ላይ እንደ ነበልባል የተሰነጣጠቀ መስመር ይዞ ይወጣል። እነዚህ የተዥጎረጎሩ አበቦች ከሁሉ ይልቅ ይወደዱ ነበር። ክሉሲየስ ግን እንዲህ የተለወጠ ተክል እየደከመ ሄዶ እንደሚሞት አየ፤ ለጌታው የመሰናበቻ ደስታ የሚሰጥ ይመስለው እንደነበር ጽፏል። ምክንያቱ የታወቀው ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1920ዎቹ ነው። መልኩን የሚለውጠው ክሽክሽ በሚባለው ጥቃቅን ተባይ የሚተላለፍ ቫይረስ ነበር። ሰዎች በወርቅ የገዙት በሽታ ነበር ማለት ነው። መንስኤውን ለማወቅ መሣሪያ ያልነበረው አንድ አትክልተኛ ውጤቱን በትክክል መመዝገቡ የእይታውን ጥራት ያሳያል።

የአበባ ሽንኩርቱን ከምግብ ሽንኩርት መለየት ለማያውቀው ሰው ቀላል አልነበረም። ክሉሲየስ ራሱ በ1562 ገደማ በአንትወርፕ ስለሆነ ነገር ይተርካል። አንድ ነጋዴ ከቁስጥንጥንያ ከመጣለት ጨርቅ ጋር የቱሊፕ ሽንኩርት ደረሰው። ምግብ መስሎት የተወሰነውን በፍም ጠብሶ በዘይትና በሆምጣጤ በላው፤ የቀረውን በጓሮው ከጎመኑ ጋር ተክሎ ረሳው። ከዚያ የተረፉትን ጥቂቶች ያዳናቸው ተክል የሚወደው የሜኸለን ነጋዴ ዮሪስ ራይ ነው። ክሉሲየስም በበኩሉ ኋላ በፍራንክፈርት ሲኖር አንድ መድኃኒት ቀማሚ የቱሊፕ ሽንኩርት በስኳር እንዲያዘጋጅለት አድርጎ ቀምሷል፤ ጣዕሙንም አልጠላውም።

ይህ ታሪክ አንድ ስህተት ለማረም ይጠቅማል። ቱሊፕን ወደ ኔዘርላንድስ ምድር መጀመሪያ ያስገባ ክሉሲየስ ነው ተብሎ በብዙ ቦታ ይጻፋል፤ እሱ ራሱ ግን ከእሱ በፊት እንደነበረ መስክሯል።

ፍራንክፈርትና ድንች

በ1588 ቪየናን ለቆ ወደ ፍራንክፈርት ሄደ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የሞንስ ከተማ ገዥ ፊሊፕ ደ ሲቭሪ ሁለት ፍሬ ድንች ልኮለት ነበር። ክሉሲየስ ተክሎ አባዝቶ ለሌሎች አከፋፈለ፤ ስለ ድንች በአውሮፓ ከወጡት የመጀመሪያ ዝርዝር ጽሑፎች አንዱም የእሱ ነው። የዚያ ዘመን የድንች የውሃ ቀለም ሥዕል ዛሬ በአንትወርፕ ፕላንታን ሞሬቱስ ሙዚየም ይገኛል።

ላይደን

በ1575 የተመሠረተው የላይደን ዩኒቨርሲቲ ለሕክምና ተማሪዎቹ የዕፅዋት ቦታ ሲያዘጋጅ ክሉሲየስን ጠራው። ጥሪው እንዲሳካ ብዙ የደከመችው የሺሜ ልዕልት ማሪ ደ ብሪሙ ናት። እሷም አትክልተኛ ነበረች፤ ለዓመታት ደብዳቤና የአበባ ሽንኩርት ተለዋውጠዋል። ክሉሲየስ ላይደን የደረሰው በኦክቶበር 1593 ሲሆን ዕድሜው 67 ነበር። ዳሌው ተጎድቶ ስለነበር በምርኩዝ ይሄድ ነበር፤ ማስተማርም አልተጠየቀም። የጉልበት ሥራውንና አደረጃጀቱን የመራው ከዴልፍት የመጣው መድኃኒት ቀማሚ ዲርክ ክላውት ነው።

የዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ቦታ በ1594 ተተክሎ አለቀ። መሬቱ በእያንዳንዱ ጎን አርባ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ግን በዚያው ዓመት የተጻፈው ዝርዝር ከአንድ ሺህ በላይ ተክሎችን ይዟል። ክሉሲየስ በመከር የተከላቸው ቱሊፖች በ1594 ጸደይ አበቡ፤ የሆላንድ የቱሊፕ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከዚህ ጸደይ ነው።

ቦታው የመድኃኒት ተክሎች ማሳያ እንዲሆን ቢታሰብም ክሉሲየስ ለውበታቸው ብቻ የሚተከሉትንም አበዛባቸው። ከዚህ ሌላ ለራሱ ትንሽ ጓሮ ነበረው። ውድ የሆኑትን የአበባ ሽንኩርቶች ያስቀመጠው በዚህች ጓሮ ነበር።

ስጦታና ስርቆት

በክሉሲየስ ዘመን ብርቅ አበባ የሚገኘው በገበያ ሳይሆን በወዳጅነት ነበር። አንድ ሰው ሽንኩርት ይልካል፤ የተቀበለው ደግሞ ሲበዛለት ከሌላ ዓይነት ይመልሳል። ሽንኩርቱ በበጋ ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ተነቅሎ፣ ደርቆ፣ ስሙ ተጽፎበት በወረቀት ተጠቅልሎ በመልእክተኛ ይሄዳል፤ በመከር ይተከላል። ክሉሲየስ በዚህ መረብ መካከል የነበረ ሰው ነው። የላይደን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለእሱ ከተጻፉና እሱ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች 1500 ያህሉን ጠብቋል። ከጻፉለት መካከል መሳፍንትና ሐኪሞች፣ መድኃኒት ቀማሚዎችና ነጋዴዎች፣ እንዲሁም በርካታ ሴቶች ይገኛሉ። የቪየናዋ እመቤት አና ማሪያ ፎን ሆይዘንስታይን አንዷ ናት።

ነገር ግን በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት ሁኔታው እየተለወጠ ሄደ። አበባውን የማያውቁ ግን ዋጋውን የሰሙ ሰዎች ሽንኩርት መጠየቅ ጀመሩ። በቪየና ሳለ ተክሎቹ ተሰርቀውበት ነበር። በላይደንም በ1596 እና በ1598 ጓሮው ተዘረፈ፤ በአንዱ ዘረፋ ብቻ ከመቶ በላይ ሽንኩርቶች ሄዱ። ለሌላ ሰው ይህ የንብረት ጉዳት ነው። ለክሉሲየስ ግን ከዘር ጀምሮ ሰባት ዓመት የጠበቀው፣ ሌላ ቅጂ የሌለው አበባ ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜውም ከሰባ አልፎ ነበር። ሐዘኑ ከባድ ስለነበር አትክልት መንከባከብን ጨርሶ ለመተው አስቦ እንደነበር ይነገራል።

ስለዚህ ስርቆት በሰፊው የሚወራ አፈ ታሪክ አለ። ክሉሲየስ ስስታም ነበር፣ ማንም ሊከፍለው የማይችል ዋጋ ጠይቆ ነበር፣ ስለዚህ ሌሊት ሰረቁትና የሆላንድ የቱሊፕ ንግድ ተጀመረ ይባላል። ታሪኩ ያዝናናል እንጂ ደብዳቤዎቹ አይደግፉትም። እንደ አን ጎልድጋር ያሉ የታሪክ ምሁራን እንዳሳዩት ክሉሲየስ ለማያውቃቸው ነጋዴዎች መሸጥ ባይወድም ለወዳጆቹ ሳይሰለች ይሰጥ ነበር። ቱሊፕ በሆላንድ የተስፋፋውም በአንድ ሌሊት ሌቦች ሳይሆን በብዙ ሰዎች እጅና በብዙ መንገድ ነው። የሰጠ ሰው በንፉግነት መታወሱ ያሳዝናል፤ አፈ ታሪኩ ግን አሁንም በብዙ መጻሕፍት እየተደገመ ነው።

ነፍሳት በሉ ተክል

በ1601 ክሉሲየስ የቀድሞ ሥራዎቹን አንድ ላይ አሰባስቦና አስፋፍቶ የብርቅ ዕፅዋት ታሪክ የተባለውን ትልቅ መጽሐፉን አሳተመ። ከአንድ ሺህ በላይ የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች አሉት። ከእነዚህ አንዱ ማንም የማያውቀውን ተክል ያሳያል፤ ቅጠሎቹ እንደ ገንቦ ባዶ ሆነው አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተዋል። ሥዕሉ የመጣለት ከፓሪስ መድኃኒት ቀማሚ ነው። ክሉሲየስ ተክሉን በሕይወት አላየውም። ቅጠሉ ሊሞኒየም የተባለውን ተክል ስለመሰለው ባዕድ ሊሞኒየም ብሎ ሰየመው።

ተክሉ ዛሬ ሳራሴኒያ ፑርፑሬያ ይባላል። በምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ በረግረግ ቦታ ይበቅላል። በገንቦው ውስጥ የዝናብ ውሃ ይጠራቀማል፤ በሽታና በቀለም ተስቦ የመጣ ዝንብ ወይም ጉንዳን ወደ ውስጥ ሲገባ ቁልቁል የተኛው ፀጉር መውጫ ይነሳዋል። ውሃው ውስጥ ሰምጦ ሲበሰብስ ተክሉ ከድሃው የረግረግ አፈር የማያገኘውን ናይትሮጅን ከእሱ ይወስዳል። ይህ በሳይንስ በደንብ የተጠናው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን የቻርልስ ዳርዊን ስለ ነፍሳት በል ዕፅዋት የጻፈው መጽሐፍ የወጣው በ1875 ነው። ክሉሲየስ ስለ ምግቡ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ያደረገው ያልገባውን ነገር ሳይጥል ሥዕሉን ማኖር ነበር፤ የተሳሳተ ዘመድ ቢሰጠውም ሥዕሉ ኋላ የመጡት ተክሉን ለይተው እንዲያውቁት አስችሏል።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1602 የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሲቋቋም ክሉሲየስ በመርከቦቹ የሚጓዙ መድኃኒት ቀማሚዎች ከሩቅ አገር የተክል ቅርንጫፍ፣ ቅጠልና ፍሬ አድርቀው፣ ሥዕሉንም ይዘው እንዲመጡ ጠየቀ። በ1605 ያሳተመው መጽሐፍ ከባሕር ማዶ የመጡ ተክሎችንና እንስሳትን የያዘ ሲሆን ኋላ ከምድር የጠፋው ዶዶ የተባለው ወፍ በውስጡ ይገኛል፤ የወፉን እግር በላይደን በፕሮፌሰሩ ፒተር ፓው ቤት አይቶ ለክቶታል።

ክሉሲየስ አላገባም፤ ልጅም አልነበረውም። ኤፕሪል 4 ቀን 1609 በላይደን በ83 ዓመቱ አረፈ፤ የተቀበረውም በከተማዋ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነው። የቱሊፕ ዋጋ ሰማይ ነክቶ በፌብሩዋሪ 1637 የወደቀበትን፣ የቱሊፕ እብደት የሚባለውን ወቅት አላየም። በዚያ ክረምት ሰዎች የተገበያዩት አፈር ውስጥ ባሉና ገዢው ባላያቸው ሽንኩርቶች ነበር፤ ከሁሉ የተወደዱትም እሱ ሊሞቱ እንደሆነ የመዘገባቸው የተዥጎረጎሩት ነበሩ።

መታሰቢያ

ካርል ሊኔየስ ክሉሲያ የተባለውን የሞቃት አገር ዛፍ ወገን በስሙ ጠርቶታል። ቱሊፓ ክሉሲያና የተባለችው ውጪዋ ቀይ፣ ውስጧ ነጭ የሆነች ቀጭን ቱሊፕ፣ እንዲሁም የአልፕስ ተራሮቹ ጄንቲያና ክሉሲይ እና ፕሪሙላ ክሉሲያና ስሙን ይዘዋል። በላይደን የዕፅዋት ቦታ ውስጥ በ1594ቱ ዝርዝር መሠረት እንደገና የተተከለ የክሉሲየስ መደብ አለ፤ በየዓመቱ በጸደይ ቱሊፖቹ ያብቡበታል።